ፍሎር ወለል አይደለም፤ ሲሊንግም ኮርኒስ አይደለም

ሰሞኑን የሐይቅንና የኮምቦልቻን ልጆች ስለ አንዲት ጀልባ ያነታረከው ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደረው የመልስ ሰልፍ፣ 32 መልስ ላይ ቆሟል። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው በቅደም ተከተሉ ልተርከው። ቀልዱንና ስድቡን አሳጥሬ አልፋለሁ፤ ለሥራ የሚሆነው ላይ ግን እቆያለሁ።

መነሻው አንድ ሐይቅ ከተማ ያለ ሰው የለጠፈው ጥያቄ ነው። ለማኅበር የምትሆን የብረት ጀልባ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ውስጥ እየተሠራች ነው። ርዝመቷ 7.5 ሜትር፣ ወርዷ 2.2 ሜትር፣ የጎኗ ቁመት 85 ሳንቲም፣ ላሜራዋ 3 ሚሊ ነው፤ ከነነጂው 13 ሰው ትጭናለች። ንድፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱን መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ተርጉሞ ለበያጁ ሰጠው። ፍሎርን ወለል፣ ሲሊንግን ኮርኒስ አለው። በያጁ ወረቀቱን አይቶ ግራ ገባው። ወለል የተባለው በየ50 ሳንቲሙ ወደ ላይ የቆመ የ4 ሚሊ ላሜራ ነው፤ በዚያ ላይ ማን ይራመዳል? ጣሪያ በሌላት ጀልባስ የ12 ሚሊ ኮምፖርሳቶ ኮርኒስ ምን ይሠራል? ጠያቂው ይህን አስቀድሞ፣ ከታች መሃል ለመሃል የሚሄደው ኪል የተባለው 80 በ10 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት ጌጥ መስሎ ስለታየው ቢቀር 44 ኪሎ ብረት እንደሚተርፍ ገልጾ ምክር ጠየቀ። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ አካል የአማርኛ ስም ፈለገ።

1ኛው መልስ ሰጪ ሳቀበት። ወለሉ የማይረገጥ፣ ኮርኒሱ ሰማይ የሌለው ጀልባ በወሎ ምድር ታይቶ አያውቅም አለና፣ ኪሉን ግን እንዳይነካ፣ ጀልባ እንዳይገለበጥ የሚይዘው እሱ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ምክሩ ልክ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ስህተት። ይኸው ስህተት አምስት መልስ ያህል ዕድሜ አግኝቷል።

2ኛው ጨዋ ነበር፤ ወንድም ዓለም ብሎ ጀመረ፣ ጠያቂው ቃሉን እንጂ ነገሩን እንዳልተረጎመ በለዘብታ ነገረው። ፍሎር በመርከብ ቋንቋ የሚረገጥ ነገር አይደለም። ግራና ቀኝ የሚወጡትን ጎድኖች ከታች፣ ከኪሉ በላይ የሚያገናኝ፣ በጠርዙ የቆመ ላሜራ ነው። መሃል ላይ ከፍ ይላል፣ ወደ ጎን ሲሄድ እየቀጠነ ጎድኑ ላይ ያልቃል። ሥራው ውሃው ከታች ሲገፋ ሆዱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ጀልባዋ 30 ሳንቲም ስትሰምጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሆድ ላይ 300 ኪሎ ይገፋል። በሁለት ፍሎሮች መካከል ያለው ሆድ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከታች ሦስት ኩንታል እህል እንደተሸከመ ይቆጠር። ሲሊንግ ደግሞ ከእንጨት መርከብ ዘመን የመጣ ስም ነው፤ ከፍሎሮቹ በላይና ከጎድኖቹ በውስጥ በኩል የሚነጠፍ ጣውላ ማለት ነው። ጭነቱ ከሆድ ውስጥ ውሃ ጋር እንዳይነካካ ይከላከላል። ስለዚህ ሰው የሚረግጠው ሲሊንጉን ነው። ከራስ በላይ ያለው የመርከብ ጣሪያ ሌላ ስም አለው። ለእኔ የክሩ ቁልፍ ይህ መልስ ነው፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ እሱን ማብራሪያ ወይም ከእሱ መሸሻ ነው።

3ኛው አናጺ ነው፤ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፦ ቤቱን መገልበጥ ነው። ጣሪያ ተገልብጦ ውሃ ላይ ሲቀመጥ ወራጁ ጎድን ይሆናል፣ ማገሩ በርዝመት የሚሄደው ስትሪንገር፣ ቆርቆሮው ላሜራ፣ ወራጆቹ የሚገናኙበት የጣሪያው ጫፍ ደግሞ ኪል። በዚህ ሂሳብ ኮርኒሱ እግር ሥር መሆኑ አያስገርምም፤ የተገለበጠ ቤት ኮርኒስ ሌላ የት ይሆናል?

ምሳሌው ብዙ ሰው አስደሰተ፤ 4ኛው ግን ቶሎ አረመው። በጣሪያ ላይ ማገሩ ከወራጁ በላይ ተመትቶ ቆርቆሮው ማገሩን ብቻ ይነካል። በዚህች ጀልባ ንድፍ ግን ጎድኑ ላይ ማገሩ የሚያልፍበት ጥርስ ይቆረጥና ሁለቱም እኩል ላሜራውን ይነካሉ። አናጺው እንዳለው ተብሎ ማገር በጎድን ላይ ቢደረብ ማገሩ በወጣበት ልክ ሆዱ ይሰፋል፣ መስመሩም ይበላሻል። 5ኛው መልሶ 4ኛውን አረመ። ብዙ ትንንሽ የብረት ጀልባዎች ሆን ተብሎ ጎድናቸው ላሜራውን እንዳይነካ ሁለት ሦስት ሳንቲም ይራቃል፣ ላሜራው ከማገሩ ጋር ብቻ ይበየዳል። ምክንያቱም 3 ሚሊ ላሜራ ጎድን በተበየደበት ሁሉ ይሸበሸብና ቀለም ሲቀባ የከሳ በሬ ጎን ይመስላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወሳኙ ንድፉ ነው፣ የዚህኛው ንድፍ ደግሞ ጥርሱን አሳይቷል።

6ኛው ወደ ኪሉ ተመለሰ፣ የ1ኛውንም ምክንያት ነቀለ። በሁለት ቶን ጀልባ ላይ 44 ኪሎ ብረት ከታች መኖሩ መገልበጥን አያስቀርም። ያንን የሚያደርገው ብዙ መቶ ኪሎ እርሳስ ወይም ብረት የተሸከመ የሸራ ጀልባ ኪል ነው፣ እሱ ሌላ ዓይነት ነው። የዚህኛው ሥራ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጀልባዋ ዳር ስትወጣ ድንጋዩን የሚቀበለው እሱ እንጂ 3 ሚሊው ላሜራ አይደለም። ሁለተኛ፣ ነፋስ በጎን ሲመታት እንደ ሳህን እንዳትንሸራተት መንገዷን ያስይዛታል። ሦስተኛውና በያጁን የሚመለከተው፣ መጀመሪያ የሚዘረጋው እሱ ስለሆነ ልኬት ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው። ኪሉ በ7 ሜትር ውስጥ አንድ ሳንቲም ከጎበጠ ጎድኖቹ ሁሉ ይጣመማሉ፣ ጀልባዋም ዕድሜ ልኳን ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ስለዚህ ክር ተወጥሮበት፣ በየሜትሩ ድጋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከመበየዱ በፊት በውሃ ልክ ይታይ አለ። 7ኛው ተስማማና አንድ ነገር ጨመረ፦ በትልልቅ መርከቦች የኪል መዘርጋት ቀን ሕጋዊ ቀን ነው። የትኛው ደንብ እንደሚመለከታቸው የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ዛሬ መርከብ ብሎክ በሚባሉ ትልልቅ ቁራጮች ተሠርቶ ስለሚገጣጠም፣ 50 ቶን ወይም ከአጠቃላይ የብረቱ ግምት 1 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ሲገጣጠም ኪሉ ተዘረጋ ይባላል።

8ኛው በያጁና ጠያቂው በስልክ ግራ ቀኝ ሲሉ ቢጋጩ ማን ልክ ነው ብሎ ጠየቀ። 9ኛው መለሰ፦ በመርከብ ግራና ቀኝ የሚባለው ፊት ለፊት ወደ አፍንጫው ለሚያይ ሰው ነው፣ ሰውየው ቢዞርም ስሙ አይዞርም። ቀኙ ስታርቦርድ የተባለው ድሮ የመሪ መቅዘፊያው በቀኝ ይታሰር ስለነበር ነው። በዚያ ምክንያት ወደብ ላይ የሚጠጋው በግራ ጎኑ ነበርና ግራው ፖርት ተባለ። ማታ ግራው ቀይ፣ ቀኙ አረንጓዴ መብራት ይይዛል። ለኮምቦልቻው ሥራ ግን ላሜራዎቹ ላይ በጠመኔ ግ እና ቀ መጻፍ ይበቃል አለ።

10ኛው ጠያቂው የለመነውን የስም ዝርዝር አቀረበ። ለመርከቡ አካል ሁሉ ቀፎ፣ ለኪል አከርካሪ፣ ለፍሬም ጎድን፣ ለስትሪንገር ማገር፣ ጎድንና የላይ አግዳሚ ሲጋጠሙ ማዕዘኑ ላይ ለሚገባው ሦስት ማዕዘን ብረት ጉልበት፣ ለላይኛው ጠርዝ እንደ ድስት ከንፈር፣ ውሃ ለማያሳልፈው ክፋይ ግርዶሽ አለ። ከውሃ በታች የሚቀረውን ልክ እርጥብ ጎን፣ ከውሃ በላይ የሚቀረውን ደረቅ ጎን ብሎታል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በጣም ተወደዱ፤ እኔም ከዚህ በኋላ የምጠቀመው እነሱን ነው። ለፍሎር ስም አላገኘም፣ አቋራጭ ብሎ በጥያቄ ምልክት ተወው።

11ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ በዓለም የሚሠራበትን ቃል ትታችሁ የድስት ከንፈር ስትሉ ነገ መለዋወጫ ስታዙ ማን ይሰማችኋል አለ። ያልተማረ ቃል ላልተማረ ጀልባ ነው እስከ ማለት ደርሷል። 12ኛው በተመሳሳይ ሙቀት መለሰለት። መልህቅ፣ ሸራ፣ መቅዘፊያ፣ ደቀል አማርኛ ውስጥ የኖሩ የመርከብ ቃላት ናቸው። 11ኛው ራሱ በየቀኑ የሚጠራቸው ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ብሎንና ዳዶ ከጣልያን መጥተው የጋራዥ አማርኛ ሆነዋል፣ ማንም አልሞተም። ችግሩ ቃሉ ከየት መጣ አይደለም፣ የሰማው ሰው ብረቱን የት ያስቀምጣል ነው። ነጥቡ ጥሩ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ስለ 11ኛው ትምህርት የጨመረው ግን ባይኖር ይሻል ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ኖኅ ሄደ። 13ኛው የኖኅ መርከብ ርዝመት 300 ክንድ፣ ወርድ 50፣ ቁመት 30 መሆኑን አንስቶ፣ ርዝመት ለወርድ ስድስት እጥፍ ማለት ዛሬም ብዙ የጭነት መርከብ የሚሠራበት መጠን ነው አለ። በውስጥም በውጭም ዝፍት መቀባቱ የጣውላ መገጣጠሚያ ካልተደፈነ ውሃ እንደሚያስገባ ያሳያል ብሎ ጨመረ። 14ኛው በግዕዝ የኖኅ መርከብ ራሱ ታቦት ተብሎ እንደሚጠራ፣ ሌላው መርከብ ደግሞ ሐመር፣ ሲበዛ አሕማር እንደሚባል አስታወሰ። ከደንገል የሚታሰረው የጣና ታንኳም እዚሁ ላይ ገባ። ደንገሉ ስለሚንሳፈፍ እንጂ ቀፎው ውሃ ስላስቀረ አይደለም የሚሄደው፣ ስለዚህ አከርካሪም ጎድንም አያስፈልገውም፣ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ግን ወጥቶ መድረቅ አለበት ተባለ። ጥሩ ዕረፍት ነበር።

ዕረፍቱን ያበላሸው 15ኛው ነው። ቻይና ተሠርተው የመጡት የኢትዮጵያ ሁለገብ የጭነት መርከቦች 28,000 ቶን ይመዝናሉ ብሎ በኩራት ጻፈ። 16ኛው ምሕረት አላደረገለትም፤ ሳያውቁ ከመጻፍ ዝም ማለት ይሻላል ካለ በኋላ 28,000 የመርከቡ ክብደት ሳይሆን የሚሸከመው መሆኑን ገለጸ፤ ጭነት፣ ነዳጅ፣ ውሃ፣ ስንቅና ሠራተኛ ተደምሮ። ዴድዌይት የሚባለው ይህ ነው። ባዶው መርከብ የራሱ ክብደት አለው፣ ሁለቱ ሲደመሩ መርከቡ የሚገፋው ውሃ ክብደት ይሆናል። 17ኛው ለስላሳ ነበር፣ ነገሩን በጎተራ አስረዳ። ጎተራው ራሱ ይመዘናል፣ የሚገባው እህል ይመዘናል፣ የውስጡ ስፋት ግን ክብደት አይደለም። ግሮስ ቶኔጅ የሚባለው ሦስተኛው ነው፤ ስሙ ቶን ይላል እንጂ ኪሎ የለበትም። ድሮ 100 ኩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ሜትር ኩብ፣ አንድ ቶን ይባል ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ስምምነት በ1982 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል በቀመር ተተካ። 10,000 ሜትር ኩብ የተዘጋ ስፋት ያለው መርከብ በ0.28 ተባዝቶ 2,800 ይሆናል። የወደብ ክፍያና ደንብ የሚሰላው በዚህ ነው። 15ኛው አመስግኖ ወጣ፤ 16ኛውን ግን አላመሰገነም።

18ኛው ሁሉንም ወደ ኮምቦልቻ መለሳቸው፣ እኔም እዚህ ላይ ልዘግይ። ፍሎሮቹ በየ50 ሳንቲሙ ከቆሙ ሆዱ ወደ አሥራ አራት ገንዳ ይከፈላል። ዝናብና ርጭት የገባው ውሃ በየገንዳው ይተኛል፣ ፓምፑ ደግሞ ያለው አንዱ ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሎር ከኪሉ ግራና ቀኝ፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ ውሃ የሚሾልክበት ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ሦስት ሳንቲም የሚያህል ግማሽ ክብ ይበቃል። ከመበየዱ በፊት ይቆረጥ፤ በኋላ ግራይንደሩ እዚያ ጥግ አይገባም። ቀዳዳው ሲረሳ ምን እንደሚመጣም ዘርዝሯል። ውሃው ስለማይታይ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፣ ላሜራው ከፍሎሩ አጠገብ እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ ጀልባዋ ከላይ አዲስ ቀለም ተቀብታ ከታች ትበሳለች። ከፊት ያለው ግርዶሽ ላይ ግን ቀዳዳው አይደረግም። አፍንጫዋ ድንጋይ ቢመታት ውሃው እዚያው እንዲቀር የተሠራ ነውና። ልዩነቱን ካልነገሩት በያጁ ሁሉንም ይበሳል፣ ወይም ሁሉንም ይተዋል።

የብየዳው ቅደም ተከተል ላይ 19ኛውና 20ኛው ተጋጩ። 19ኛው፣ ከአነጋገሩ ኤሌክትሮድ ከእጁ የማይለይ ሰው፣ ለ3 ሚሊ ላሜራ 2.5 ሚሊ የሆነ 6013 ኤሌክትሮድ፣ ከ70 እስከ 90 አምፔር መከረ። መጀመሪያ ሁሉም በነጥብ ይያዝ፣ አንድ ጎድን በግራ ከተበየደ ተመሳሳዩ በቀኝ ይበየድ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ ይሄድ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስንዝር በላይ አይሳብ። ጎድንና ላሜራ ሲጋጠሙ 5 ሳንቲም ተበይዶ 10 ሳንቲም ይዘለል። የውጭው መገጣጠሚያ ግን ሳይቆራረጥ ይበየድ። 20ኛው መዝለሉን ተቃወመ፤ በተዘለለው ክፍተት ውሃ ገብቶ ከቀለም ሥር ይበላል አለ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው የተስማሙበት፣ ሆዱ ላይ ውሃ የሚተኛበት ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ፣ ግን በአንድ ጉዞ ሳይሆን እየተዘለለ ተመልሶ ይሞላ፤ ጎኖቹ ላይ ይዘለል የሚል ነው። 20ኛው ጋልቫናይዝድ ላሜራ የገዛ ካለ መበየጃው መስመር ላይ ዚንኩን ፍቆ ያንሳ፣ ጭሱ ለሊቱን በሙሉ ያንቀጠቅጣል ብሎም አስጠንቅቋል።

21ኛው ብየዳ ከተነሳ ብሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብየዳ በብዛት የተሠሩትን ሊበርቲ የተባሉ የጭነት መርከቦች አመጣ። ወደብ ላይ ቆሞ ለሁለት የተሰነጠቀውን ሼኔክታዲን ሊበርቲ ብሎ ጠራው። 22ኛው አረመው። ሼኔክታዲ ቲ2 የተባለ የነዳጅ መርከብ ነበር፤ በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ላይ ነው የተሰነጠቀው። ሊበርቲዎቹ ላይም መሰንጠቅ ደርሷል፣ ምክንያቱ ግን የተደራረበ ነው። ብረቱ በብርድ የሚሰባበር ዓይነት ነበር። ጭነት የሚወርድበት የመክፈቻ ማዕዘን ስል ሆኖ ጫናውን አንድ ቦታ ይሰበስብ ነበር። በሪቬት፣ ማለትም ተቀጥቅጦ በሚያዝ የብረት ሚስማር፣ የተያያዘ ላሜራ ላይ ስንጥቅ መገጣጠሚያው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ በተበየደ ቀፎ ግን የሚያቆመው የለም። 23ኛው ይህን ወደ ጀልባዋ አወረደው። አፍንጫው አጠገብ ለዕቃ የሚከፈተው በር ማዕዘኑ ስል እንዳይሆን፣ ቢያንስ 5 ሳንቲም ክብ ይስጡት፤ መጀመሪያ ማዕዘኖቹ ላይ ይብሱ፣ ከዚያ ቀዳዳ ከቀዳዳ ይቁረጡ። የሐይቅ ውሃ የአትላንቲክ ብርድ ባይኖረውም ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ላሜራውን ያንቀጠቅጣል።

24ኛው የሰው ብዛት ላይ ያቀረበው ስሌት ክሩን ዝም አሰኝቷል። 3 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 23.5 ኪሎ ይመዝናል። 30 ካሬ ያህል ሲሆን 700 ኪሎ፣ ጎድንና ማገር ሲጨመር 950፤ ሞተርና ነዳጅ 110፤ 13 ሰው በ75 ኪሎ 975። ሁለት ቶን ሞላ። ውሃው ላይ የሚያርፈው ስፋት 10.5 ካሬ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ 105 ኪሎ ጀልባዋን አንድ ሳንቲም ያሰምጣታል። ስለዚህ ሰባት ሰው ቢጨመር የምትሰምጠው አምስት ሳንቲም ብቻ ነው። ዳር የቆመ ሰው ልዩነቱን አያየውም፣ አደጋውም እዚህ ጋ ነው አለ። 12ቱ ተሳፋሪዎች ተነስተው ወደ አንድ ጎን 60 ሳንቲም ቢጠጉ በእሱ ስሌት ጀልባዋ ወደ 18 ዲግሪ ታዘነብላለች፣ ከንፈሯ 35 ሳንቲም ይወርዳል፣ ካላት 55 ሳንቲም ደረቅ ጎን 20 ይቀራል። 20 ሰው ሆነው ያንኑ ቢያደርጉ ከንፈሩ ከውሃ በታች ይገባል። ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ሐይቅ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው እዚህ ላይ የፕሊምሶልን ምልክት ጠቀሰ፤ መርከብ ተጭኖ እስከየት መስመጥ እንደሚፈቀድለት ጎኑ ላይ የሚያሳይ መስመር ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ምልክቱ ግዴታ ሲሆን የት እንደሚቀባ የሚወስነው ባለመርከቡ ነበር። ቦታው በሕግ የተወሰነው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው። ጀልባዋ ላይም መስመሩን የሚቀባው ትርፉን የሚቆጥረው ሰው እንዳይሆን የሚል ነገር ነበረው።

25ኛው ስሌቱን ማመን ለማይፈልግ መሞከሪያውን ሰጠ። ጸጥ ባለ ማለዳ በሰው ፋንታ የአሸዋ ጆንያ ወንበሮቹ ላይ ይጫን። ወለሉ ላይ ቢደረግ ክብደቱ ከልክ በታች ወርዶ ያታልላል። ከአንድ አግዳሚ ላይ 1.5 ሜትር ክር በቱንቢ ይንጠልጠል። ሦስት ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ከመሃል ወደ ጎን 80 ሳንቲም ሲዛወር ቱንቢው ስንት እንደሄደ ይለካ። 9 ሳንቲም ከሄደ ሚዛኗ ደህና ነው። 18 ከሄደ መቻሏ በግማሽ ቀንሷል፣ ሰው ይቀነስ ወይም ወንበሩ ዝቅ ይበል። 26ኛው ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ካለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው አለ። ጀልባዋ ስታዘነብል ውሃው ወዳዘነበለችበት ይሮጣልና። ክፋቱ ከብዛቱ ይልቅ ከወርዱ ነው፤ በርዝመት መሃል ለመሃል አንድ ክፋይ ቢቆም ጉዳቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ወዲያው 18ኛው ተመልሶ መጣና ስለ ፍሎሮቹ ቀዳዳ ለምን አጥብቆ እንደተናገረ አሁን ገባችሁ ወይ አለ።

27ኛው ውሃ ላይ ከመውረዷ በፊት መገጣጠሚያዎቹ በላምባ ይፈተሹ አለ። በውጭ በኩል ብየዳው ላይ ኖራ ተበጥብጦ ይቀባና ይድረቅ፣ በውስጥ በኩል ላምባ በብሩሽ ይቀባ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ቀዳዳ ካለ ነጩ ላይ የቅባት ነጠብጣብ ይወጣል። የተገኘው ተፍቆ፣ ላምባው በደንብ ተጠርጎ ነው የሚበየደው። ሳይጠረግ የሚበይድ እሳት ይጠራል። አንቲረስቱ የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተቀባ ቀለሙ ቀዳዳውን ደፍኖ ለጥቂት ወር ይዋሻል። 28ኛው ሁለት ነገር አከለ። ሐይቁ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ከወረቀቱ ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። እንዲሁም ከባሕር ልማድ ተቀድቶ ቀፎው ላይ የሚታሰር የዚንክ ዝገት መከላከያ ቁራጭ አይገዛ፣ ጨው በሌለው ውሃ የሚሠራው ማግኒዥየም ነው። 29ኛው የጭነት መኪና ነጂ ሳይሆን አይቀርም። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ጀልባዋ በአፍንጫዋና በጅራቷ ብቻ ተደግፋ እንዳትታሰር፣ ድጋፉ ግርዶሾቹ ሥር ይሁን፣ በመካከል ደግሞ የመኪና ጎማ ይደረግ አለ። ገመዱ ከንፈሩን ወደ ውስጥ እንዳያጥፈው ወርዱ ላይ ጊዜያዊ ሞራሌ ይወጠር።

30ኛው ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ጋሼም ወንድሜም እያለ ሁሉንም አመሰገነ። ፍሎሩ ለበያጁ አቋራጭ ተብሎ ተነግሮታል፣ ቀዳዳዎቹም በጠመኔ ተሠምረዋል። ኪሉ አልቀረም። የቀረው ጭንቀት ለኮርኒስ ብሎ አስቀድሞ የተገዛው ስምንት ኮምፖርሳቶ ነው።

31ኛው እንዲመለስ አልመከረም። በ30 ሳንቲም ወርድ ተቆርጦ፣ በመካከል አንድ ሳንቲም ክፍተት ተትቶ፣ በአቋራጮቹ ላይ በብሎን ይንጠፍ፤ ሆዱን ለማጽዳት እንዲነሳ በሚስማር አይመታ። ግን ሙጫው ውሃ የሚችል ካልሆነ በአንድ ክረምት እንደ እንጀራ ይላቀቃል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ በድስት ውስጥ አራት ሰዓት ይቀቀል፣ ወጥቶ ሲደርቅ ሽፋኖቹ ካልተላቀቁ ለጀልባ ይሆናል።

32ኛው የጠያቂው ነው፣ አጭር። ድስቱ ተጥዷል፤ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፣ እስካሁን አልተላቀቀም፤ ቤቱ ግን ሙጫ ሸትቷል።